ሌንሱን አትዪው፦ ከሞዴልነት ወደ ትወና ለምትሻገር እህታችን

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 23 ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሞዴልነት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የፋሽን ትርኢት፣ የሐበሻ ቀሚስ ካታሎግ፣ ሁለት የሙዚቃ ክሊፕና አንድ የሳሙና ማስታወቂያ ሠርቻለሁ። ሰሞኑን አንድ ፕሮዲውሰር በፊልሙ መሪ ተዋናይት እንድሆን ጠየቀኝ። ታሪኩን በቃል ነገረኝ እንጂ ስክሪፕቱን አላሳየኝም። ውሉ ለሁለት ዓመት ሌላ ሥራ እንዳልሠራ ይከለክላል፤ ክፍያው ደግሞ ፊልሙ ሲኒማ ከገባ በኋላ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ይፈልጋል። ትወና ተምሬ አላውቅም። ፎቶ ስነሣ አልፈራም፤ መናገር ሲመጣ ግን ድምፄ ይጠፋል። ሊያ ከበደም ከሞዴልነት ነው የተነሣችው እያልኩ ራሴን አበረታታለሁ፤ እናቴ ግን «በእጅሽ ያለውን እንዳትጥዪ» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባኝ

መልስ

እህታችን፣ ውሉን አሁን በተጻፈበት መልክ አትፈርሚ፤ ሥራውን ግን ገና ሳታዪው አትግፊው። እናትሽ ያሉትና አንቺ የምትመኚው ነገር አይጋጭም።

ሊያ ከበደን ካነሣሽልን መንገዷን በዓመት እንየው። እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወለደች፤ ሊሴ ገብረማርያም ተምራ ወደ ፓሪስ ሄደች። በ2000 ዲዛይነሩ ቶም ፎርድ ለጉቺ የፋሽን ትርኢት መረጣት። የፈረንሳዩ የፋሽን መጽሔት ቮግ የሜይ 2002 እትሙን ሙሉ በሙሉ ለእሷ ሰጠ። በ2003 ኤስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ወኪሉ አደረጋት፤ በኩባንያው ታሪክ ይህን ቦታ የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። እንዲህ ስሟ ገንኖ ሳለ ወደ ፊልም የገባችው በትንሹ በር ነው። በ2005 «ሎርድ ኦፍ ዋር» ውስጥ አጭር ሚና፣ በ2006 ሮበርት ደ ኒሮ ዳይሬክት ባደረገው «ዘ ጉድ ሼፐርድ» ውስጥ ሌላ አነስተኛ ሚና ሠራች። መሪ ሆና የወጣችው በ2009፣ ሼሪ ሆርማን ባዘጋጀችው «ዴዘርት ፍላወር» ነው። ከመጀመሪያው ትንሽ ሚና እስከ መሪው ሚና አራት ዓመት ሄዷል ማለት ነው። በነዚያ ዓመታት ሞዴልነቱን አልተወችም። በ2007 የሸማኔዎችን የእጅ ሥራ ለዓለም ገበያ የሚያቀርበውን ለምለም የተባለ ኩባንያ መሠረተች፤ ከመሪ ሚናዋ በኋላም በ2011 የሎሬያል ፓሪስ አምባሳደር ሆነች። በዚያው ዓመት ዣን ዣክ አኖ ባዘጋጀው ፊልም፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በኮስታ ጋቭራስ ፊልም ታየች። የፊልም ሥራዋ ከሞዴልነቷ ጋር ሲመዘን ያንሳል፤ እኛ ግን ይህንን የምናየው ኑሮዋን በአንድ ገመድ ላይ ያላንጠለጠለች ሴት አካሄድ አድርገን ነው። ከእሷ የምትወስጂው ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለናል።

ሚናውንም ልብ በይው። በ2009ኙ ፊልም የተጫወተቻት ዋሪስ ዲሪን ነው፤ ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት ስትሠራ በፎቶ አንሺው ቴረንስ ዶኖቫን ዓይን የገባችውን ሶማሊያዊት ሞዴል። ሞዴል ሞዴልን ብትጫወት ምን ይከብዳል የሚል ይኖራል። የሚከብደው ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ በፊት መሆኑ ነው። ልጅቷ ከበረሃ የሸሸች፣ ቋንቋ የማታውቅ፣ የግርዛትን ቁስል በሰውነቷ የተሸከመች ናት፤ ውብ መሆኗን የነገራት የለም። ሞዴል እየታየች መሆኑን ታውቃለች፤ ሥራዋም ይኸው ማወቅ ነው። ገጸ ባሕርይ ግን አታውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ሰውነትሽ የለመደውን ያንን ማወቅ ካሜራ ፊት መርሳት መቻል አለብሽ፤ ከዚህ በታች የምንነግርሽ ልምምድ ሁሉ ለዚሁ ነው።

ከዓይንሽ ጀምሪ። ለፎቶ ሌንሱን እንደ ሰው ታዪዋለሽ፤ ዓይንሽም ሳታዢው ወደዚያው ይሄዳል። በፊልም ግን ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ካላዘዘሽ በቀር ሌንሱ የለም፤ ለቅጽበት እንኳ ካየሽው ተመልካቹ ታሪኩን ትቶ ካሜራውን ያስታውሳል፣ ቀረጻውም ይደገማል። ቤትሽ ውስጥ ስልክሽን በዓይንሽ ልክ አቁሚው። አንድ ሰው ከስልኩ ጎን፣ ጆሮው ስልኩን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ ይቀመጥ። ትናንት የዋልሽበትን አምስት ደቂቃ ለእሱ ንገሪው። ከዚያ ድምፁን አጥፍተሽ ቪዲዮውን እዪና ዓይንሽ ስንት ጊዜ ወደ ሌንሱ እንደሄደ ቁጠሪ። ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን በየቀኑ አንድ ጊዜ ይበቃል። በኋላ ደግሞ ሰውየው ይነሣና በቦታው ቁራጭ ቴፕ ለጥፈሽ ለቴፑ አውሪ፤ ክሎዝ አፕ (ፊትሽ ብቻ በቅርበት) ሲቀረጽ አብሮሽ የሚተውነው ተቃራኒሽ የሚቆምበት ቦታ አጥቶ ለቴፕ የምትናገሪበት ቀን ይመጣልና።

ሁለተኛው አመል ፖዝ ነው። እጅሽን ፀጉርሽ ላይ ታደርጊና ለግማሽ ሰከንድ ትቆያለሽ፤ ዞር ትይና ትቆያለሽ። ፎቶ አንሺው ያንን ቆይታ ይፈልገዋል። የፊልም ካሜራ በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚወስድ ቆሞ መጠበቅ አይሻም፤ በስክሪን ላይ የምትመስዪው ፎቶ እስኪነሣሽ የምትጠብቅ ሴት ነው። «ፖዝ አታድርጊ» ብሎ ራስን መቆጣት አይረዳም፤ ይልቁንም ያደርቅሻል። መድኃኒቱ ለእጅሽ የማያልቅ ሥራ መስጠት ነው። ምስር እየለቀምሽ፣ ሽንኩርት እየላጥሽ፣ ነጠላ እያጣጠፍሽ ቃልሽን በይ። አእምሮሽ ግማሹ ሥራው ላይ ሲሆን ፊትሽ ለውበት የሚተርፈው ጊዜ አይኖረውም።

አረማመድሽም እንዲሁ። በመድረክ ላይ እግርሽን በአንድ መስመር ላይ አንዱን ከአንዱ ፊት ታስቀድሚያለሽ፣ ፊትሽን ባዶ ታደርጊያለሽ። ያ አረማመድ ወደ ቀረጻ ቦታ ከገባ ወፍጮ ቤት የምትሄደው ገጸ ባሕርይሽ ትርኢት ላይ ያለች ትመስላለች። ጄሪካን ውስጥ 10 ሊትር ውኃ ጨምረሽ ግቢ ውስጥ ተመላለሺ፤ ከዚያ አስቀምጪውና ክብደቱን እያሰብሽ ያለ ጄሪካን ተራመጂ። እግሮችሽ ራቅ ራቅ ብለው ሲያርፉ፣ ትከሻሽ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ይታወቅሻል።

ይህን ስንል ያለሽን ሁሉ ጣዪ እያልንሽ አይደለም። መብራቱ ጉንጭሽ ላይ መቼ እንዳረፈ፣ መቼ እንደሳትሽው ሳታዪ ታውቂያለሽ፤ ይህን አዲስ ተዋናዮች ብዙ ወር ይፈጅባቸዋል። ሦስት ሰዓት ጠብቆ ለሁለት ደቂቃ መሥራትን ታውቂዋለሽ። ልብስ በፍጥነት መቀየር፣ አምስት ሰው በአንዴ ሲያርምሽ አለመከፋት፣ ካሜራ ፊትሽ ድረስ ሲመጣ አለመደንገጥ የአንቺ ሀብት ነው። የማርክ ነገርም ቶሎ ይገባሻል። ወለሉ ላይ በቴፕ የተለጠፈው ምልክት ላይ ሳታቀረቅሪ መድረስ አለብሽ፤ ግማሽ ሜትር ብትስቺ ከፎከስ ትወጫለሽ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ማርኩ ላይ ቁሚ፣ ከዚያ ወደ መነሻሽ ወደ ኋላ እየሄድሽ እርምጃሽን ቁጠሪ፣ ስትመጪ ያንኑ ቁጥር ሂጂ። ልምምዱን በቀረጻው ጊዜ በምታደርጊው ጫማ አድርጊው፤ በነጠላ ጫማ የቆጠርሽው በታኮ አይሠራም።

አሁን ወደ ድምፅሽ እንምጣ፤ ደብዳቤሽን ስናነብ ከሁሉ ያሳሰበን ይህ ነው። ድምፅሽ የሚጠፋው ፈሪ ስለሆንሽ ብቻ አይመስለንም። ሞዴል ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ ደረቷን አንሥታ መቆም ትለምዳለች። ሆድ ሲያዝ ትንፋሽ ወደ ታች መውረጃ ያጣል፤ ላይ ላዩን፣ በትከሻ ይሆናል። በዚያ ትንፋሽ አጭር ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ ረዥሙ ግን መጨረሻው ላይ ይሞታል። በአማርኛ ይህ ከባድ ጉዳት ነው፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ነዋ። «ነገ ከእናንተ ጋር ወደ ሐዋሳ…» ድረስ ተሰምቶ «አልሄድም» የሚለው ከተዋጠ ተመልካቹ ተቃራኒውን ይዞ ይቀራል። ማን፣ ለማን፣ አዎን ወይስ እምቢ፣ ሁሉም ያለው በዚያች የመጨረሻ ቃል ውስጥ ነው።

ጠዋት ጠዋት ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ሆድሽ ላይ መጽሐፍ አስቀምጪ። አራት እየቆጠርሽ ወደ ውስጥ ተንፍሺ፤ መጽሐፉ ከፍ ይበል፤ ደረትሽ ግን አይንቀሳቀስ። ስምንት እየቆጠርሽ «ስስስ» እያልሽ አስወጪ። አሥር ጊዜ። ከዚያ ተነሥተሽ የጋዜጣ አንድ ገጽ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ። አንድ ሰው ስድስት ሜትር ርቆ ይቁምና የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃል ይድገምልሽ፤ ያልደገመው እሱ ያልሰማው ነው። አትጩኺ፤ ጩኸት ጉሮሮን ያስጨንቃል፣ በሦስተኛው ቀን ድምፅሽ ይሻክራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውጡን የቤት ሰው ሁሉ ይነግርሻል።

ሌላው የአማርኛ ጣጣ መጥበቅና መላላት ነው፤ ፊደላችን አያሳየውምና። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ሰፊው ነው፣ ሲጠብቅ ስፋት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። በደንብ የምትናገሪው ቋንቋ ቢሆንም ከወረቀት ስታነቢና ስትደነግጪ ትሳሳቻለሽ። ስክሪፕትሽ ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊ። የትኛው ቃል ላይ ትንፋሽ እንደምትወስጂም አጭር ሰረዝ አስምሪ።

ቃልሽን ስታጠኚ ያለ ዜማ አጥኚው። ስሜት ጨምረሽ ካጠናሽው አንዱ አባባል ምላስሽ ላይ ይደርቅና ዳይሬክተሩ «በለሆሳስ በይው» ሲልሽ መለወጥ ያቅትሻል። የተቃራኒሽንም ቃል አጥኚ፤ የምትናገሪው እሱ ለተናገረው መልስ ስለሆነ። ድምፅ በትምህርት የሚገራ ነገር መሆኑን ከተጠራጠርሽ የህንዷን ተዋናይት ዲፒካ ፓዱኮኔን አስቢ። ከሞዴልነት ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2007 በመጀመሪያው የሂንዲ ፊልሟ ስትወጣ የተሰማው ድምፅ የሌላ ሴት ነበር፤ በላይዋ ላይ ተቀድቶባታል። ቀጥሎ በራሷ ድምፅ እየተናገረች ከአገሯ ታላላቅ ተዋናዮች አንዷ ሆናለች።

በቀረጻ ቦታ ላይ ድምፅን የሚያበላሹ ትናንሽ ነገሮችም አሉ። ማይኩ ቀሚስሽ ውስጥ ከተደበቀ ነጠላሽ ሲፋተገው እንደ ዝናብ ይሰማል፤ የአንገት ጨሌ፣ የእጅ አምባር፣ የስታርች ቀሚስ እንዲሁ። ልብስ ሲመረጥ የድምፅ ባለሙያው እንዲያዳምጠው ጠይቂ። ደግሞም እጅሽ የት እንደነበረ አስታውሺ። ሲኒውን «እናቴ» ስትይ አንሥተሽ «ታማለች» ስትይ ካስቀመጥሽ፣ ካሜራው ቦታ ቀይሮ በሚደገመው ቀረጻ ሁሉ በነዚያው ቃላት፣ በዚያው እጅ አድርጊው። ካልሆነ ኤዲተሩ ሁለቱን ምስሎች መግጠም ያቅተዋል፤ የቱንም ያህል አምርረሽ ብታለቅሺ ያ ትዕይንት ይጣላል።

ስለ ስክሪፕቱ አጥብቀን እንናገራለን። ሳታነቢ አትፈርሚ፤ «ታሪኩ እንዳይሰረቅ ነው» ካሉሽ ቢሯቸው ሄደሽ አንብቢ፣ ምሥጢር ለመጠበቅም ፈርሚላቸው። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ስክሪፕት 90 ገጽ አካባቢ ነው፤ በልማድ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ይወጣዋል። ሦስት ጊዜ አንብቢው። መጀመሪያ እንደ ተመልካች። ሁለተኛ ስምሽ ያለባቸውን ሲኖች (ትዕይንቶች) ቁጠሪ። ሦስተኛ ከነዚያ ውስጥ ገጸ ባሕርይሽ ራሷ አንድ ነገር የምትወስንባቸውን ለዪ። በ40 ሲን ውስጥ ታይታ፣ ተወድዳ፣ ተጣልቶባት፣ ተለቅሶላት፣ ራሷ የወሰነችው ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ የፈለጉት መልክሽን ነው። ያ ሚና አያሳድግሽም፤ ቀጥሎም የሚጠሩሽ ለዚያው ነው።

እውነቱን እንንገርሽና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሲን ያለው ደጋፊ ሚና ብትሠሪ እንመርጥልሽ ነበር። መሪ ተዋናይት ከ20 ቀን በላይ ትቀረጻለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት የምትሠሪው ስሕተት ፊልሙ ውስጥ ተበታትኖ ይቀራል፣ ቀረጻ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይሄድምና። የመጀመሪያው ቀን የመጨረሻው ለቅሶ ሊሆን ይችላል። ፕሮዲውሰሩ መሪነቱን ከፈለገልሽ ግን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ከተቃራኒሽ ጋር ካሜራ ፊት የሙከራ ቀረጻ፣ እና ቀረጻው ሳይጀመር ቢያንስ የ10 ቀን ልምምድ። እነዚህን የሚነፍግ ሰው በአንቺ ላይ ገንዘብ ሊያፈስ የቆረጠ አይመስልም። ለራስሽም ደብተር አዘጋጂ፤ ለእያንዳንዱ ሲን አራት መስመር ጻፊ፦ ከየት መጣሁ፣ ምን እፈልጋለሁ፣ እስካሁን ምን ዐውቄአለሁ፣ ሰዓቱ ስንት ነው። ሲን 61ን በመጀመሪያው ቀን ሲቀርጹት የምትድኚው በዚህ ደብተር ነው።

ወደ ውሉ እንለፍ። የሁለት ዓመቱን ክልከላ ፕሮዲውሰሩ ያስገባው ፊልሙ ሳይወጣ ፊትሽ ሌላ ቦታ እንዳይለመድበት ፈርቶ ይሆናል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ያመጣው መፍትሔ ግን ከልክ በላይ ሰፊ ነው። እንዲህ ብሎ ማጥበብ ይቻላል፦ ክልከላው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የቀረጻ ቀን ብቻ ይሁን። ለድጋሚ ቀረጻ አምስት ቀን ፍቀጂ፤ ከ10 ቀን በፊት ይነገርሽ። ፊልሙ እስኪወጣ በሌላ ፊልም መሪ ላለመሆን መስማማት ትችያለሽ፤ ቀነ ገደብ ግን ይኑረው፣ ለምሳሌ ስምንት ወር። የፋሽን ትርኢትና ፎቶ ከክልከላው ውጭ ይሁን ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ሁለት ዓመቱን አልለቅም ካለ የሁለት ዓመት ወርኃዊ ክፍያ ይጻፍልሽ።

ፀጉርሽን አትርሺ። ሁለቱ ሥራዎች በእርግጥ የሚጋጩት እዚህ ነው። በቀረጻ መካከል ሹሩባ ብትፈቺ፣ ቀለም ብትቀቢ፣ ቅንድብሽን ብታሳጥሪ ገጸ ባሕርይሽ በሩን ስትከፍትና ስትዘጋ ሁለት ሴት ትሆናለች። በቀረጻው ወራት ለሚጠራሽ የትርኢት አዘጋጅ «ፀጉሬ አይነካም» ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ዊግ ካደረጉልሽ ይቻላል።

ክፍያው ሲኒማ ከገባ በኋላ መሆኑን አትቀበዪ። ከቀረጻ በኋላ ኤዲቲንግ አለ፣ ድምፅና ቀለም አለ፣ የሲኒማ ቤት ወረፋ አለ፤ ዓመት የሚፈጅ አለ፣ ጭራሽ የማይወጣም አለ። የአንቺ ሥራ የሚያልቀው ግን የመጨረሻው የቀረጻ ቀን ነው። ስትፈርሚ 30 በመቶ፣ ቀረጻው ሲጋመስ 40 በመቶ፣ የመጨረሻው ቀን ከመጀመሩ በፊት 30 በመቶ ብለሽ ጠይቂ። ከገቢው ድርሻ ልስጥሽ ካለ እሰየው፤ ነገር ግን በደመወዝሽ ላይ የሚጨመር ይሁን፣ ድርሻውም ከጠቅላላ ገቢ ነው ወይስ ከወጪ ቀሪ ተብሎ ይለይ። «ከወጪ ቀሪ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ቀሪ የለውም። ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠሪና ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቤትሽ ድረስ የሚያደርስሽ መኪና እንዳለ ይጻፍ። የሥራ ሰዓት የሚቆጠረው መዋቢያ ወንበር ላይ ከተቀመጥሽበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ምስልሽ የት እንደሚውል ጠይቂ፤ ይህን በማስታወቂያ ሥራ ታውቂዋለሽ። ሲኒማ፣ ቴሌቪዥን፣ ዩቲዩብ፣ ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሚዘጋጁ ማሳያዎች፣ ሁሉም በስም ይጠቀሱ። የፖስተሩ ፎቶ ፊልሙን ለማስተዋወቅ ብቻ ይሁን፤ የስፖንሰሩ ዕቃ ላይ ፊትሽ ከታየ ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ ክፍያ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተዋናዮችን ለመሳሰሉ ከዋኞች ጥበቃ ይሰጣል፤ ዕለት ተዕለት የሚያከራክርሽ ግን በውሉ ውስጥ የፈረምሽው ቃል ስለሆነ ቃሉን አስተካክዪ። የመቀራረብ ትዕይንት ካለ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደማይታይና ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚኖር ከፊርማ በፊት ይጻፍ፤ በዕለቱ «ትንሽ እንጨምርበት» የሚባል ነገር እንዳይኖር። ከሞዴል ኤጀንሲ ጋር የቆየ ውል ካለሽም አውጥተሽ እዪው። «ካሜራ ፊት የሚሠራ ማንኛውም ሥራ» የሚል ካለበት ከፊልሙም ኮሚሽን ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ለአንድ ጠበቃ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ዋጋውን አትሳሺለት።

ለኦዲሽን ገንዘብ አይከፈልም፤ የመመዝገቢያ፣ የፎቶ፣ የሥልጠና እያለ የሚያስከፍል ሰው ፊልም የለውም። ቀጠሮ በቢሮ፣ በቀን፣ ሰው ይዘሽ ይሁን። ሆቴል ክፍል ውስጥ «ኦዲሽን» ከተባለ አትሂጂ፤ ምክንያት መደርደርም አይጠበቅብሽም።

ለሙከራ ቪዲዮ ከጠየቁሽ ስልኩን አጋድመሽ፣ በዓይንሽ ልክ፣ ከደረትሽ በላይ እንዲያሳይ አድርጊ። መስኮት ፊት ለፊትሽ ይሁን እንጂ ከኋላሽ አይሁን። ጀርባሽ ያለው ግድግዳ ባዶ ይሁን፤ ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ንቀዪው፣ ጉርምርምታው ይገባል። ስምሽንና ቁመትሽን ሌንሱን እያየሽ ተናገሪ፤ ሌንስ የምታዪው ያኔ ብቻ ነው። ያቺን ቆንጆ የካታሎግ ሜካፕሽንም አጥቢው። ሁለት የተለያየ አተረጓጎም ላኪ፤ አሥር አትላኪ።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ ሰርተፍኬቱን አትዪ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ፣ እያንዳንዱ በሳምንት ስንት ደቂቃ ይሠራል፣ አስተማሪው መድረክ ላይ ቆሞ ያውቃል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከ15 በላይ ከሆናችሁ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጠሽ ታያለሽ። ጊዜ ካለሽ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቴአትር አንዱን ተውኔት ሦስት ጊዜ ተመልከቺ፤ በሦስተኛው የሚናገረውን ትተሽ የሚሰማውን ተዋናይ ብቻ እዪ። የራዲዮ ድራማ ዕድል ከተገኘ ሳትለግሚ ግቢበት፤ መልክ የማይረዳሽ ብቸኛ ቦታ እሱ ነው፣ ለአንቺ ድምፅ ደግሞ ከምንም በላይ ይጠቅማል።

ለፕሮዲውሰሩ በዚህ ሳምንት በጽሑፍ መልሺለት። «ደስ ብሎኛል፤ ስክሪፕቱን ካነበብኩና የሙከራ ቀረጻ ካደረግን በኋላ ስለ ውሉ እንነጋገር» በቂ ነው። እናትሽንም ከነገሩ አታርቂያቸው። ስክሪፕቱ ሲደርስሽ የተቃራኒሽን ቃል እሳቸው ያንብቡልሽ፤ ከስልኩ ጎን፣ ከሌንሱ በስተግራ ይቀመጡ፣ አንቺም እሳቸውን እያየሽ መልሺ።